የማኒ ኦርደሩ ጉርድ ሲጠፋ

«ሬንቱን በማኒ ኦርደር ከፍያለሁ፣ ቢሮው አልደረሰኝም ይላል፣ ጉርዱ ደግሞ የለም» የምትሉ መልእክቶች በዝተዋል። ይህን የምጽፈው አሜሪካ ላለነው ነው።

ፖስታ ቤት ማኒ ኦርደራችሁ መመንዘር አለመመንዘሩን ለማየት የሚጠይቀው ሲሪያል ቁጥሩን፣ የሸጠውን ፖስታ ቤት ቁጥርና የገንዘቡን መጠን ነው። ሁሉም ያለው ጉርዱ ላይ ነው። ሲሪያል ቁጥሩ በእጃችሁ ከሌለ ሠራተኛዋን መለማመጥ ብዙም አያራምድም፤ ቁጥሩን ሌላ ቦታ ማደን ነው።

መጀመሪያ ስልካችሁን ፈትሹ። እኛ ሰዎች ለሩምሜት «ይኸው ከፍያለሁ» ብለን ፎቶ መላክ እንወዳለን፤ የዚያን ወር ዋትስአፕና ቫይበር እዩት።

ቀጥሎ ባንክ። በዴቢት ካርድ ከገዛችሁ ስቴትመንቱ ላይ አለ፤ ግን ብዙ ሰው እያየው ያልፈዋል። የፖስታ ቤት አንድ ማኒ ኦርደር ከ1,000 ዶላር አይበልጥም። ሬንታችሁ 1,650 ከሆነ የተሰጣችሁ የ1,000 እና የ650 ሁለት ወረቀት ነው፤ በየአንዳንዱም ላይ የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሯል። ስለዚህ 1,650 ብላችሁ ብትፈልጉ አታገኙትም፤ ከሱ ጥቂት ዶላር ከፍ ያለውን፣ ሳንቲም ያለበትን ፈልጉ። (ክሬዲት ካርዱ ላይ አትድከሙ፤ ፖስታ ቤት ማኒ ኦርደር በክሬዲት አይሸጥም።) ስቴትመንቱ ሲሪያል ቁጥር ባይሰጣችሁም ቀኑን ይነግራችኋል።

ቀኑ የሚጠቅማችሁ አፓርትመንት ቢሮው ጋ ነው። «ከፍያለሁ፣ አልከፈልሽም» እየተባባሉ ከመዋል የክፍያ ሌጀራችሁን በኢሜይል ጠይቁ፤ ቀጥሎም ከዚያ ቀን ወዲህ ባንክ ያስገቧቸውን ማኒ ኦርደሮች ኮፒ እንዲያዩላችሁ። በእኔ ግምት ነገሩ በብዛት የሚፈታው እዚህ ነው። የቤት ቁጥር ያልተጻፈበት፣ ወይም 304 ተጽፎ 403 ተብሎ የተነበበ ማኒ ኦርደር በጎረቤት ሂሳብ ገብቶ ሊገኝ ይችላል።

ከግሮሰሪ የገዛችሁት የዌስተርን ዩኒየን ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው፤ ጉርድ ለሌለውም የሚሞላ ፎርም አላቸው፣ ክፍያው ግን ከፍ ይላል። የተገዛበትን ቦታ፣ ቀንና መጠን በትክክል ጻፉ። እሱን ደግሞ አታቆዩት፤ ሳይመነዘር ከቆየ ሰርቪስ ቻርጅ እየተቆረጠበት ይሄዳል። የፖስታ ቤቱ ግን ጊዜ አያልፍበትም።

የፖስታ ቤቱ ማኒ ኦርደር ሲሪያል ቁጥር ከተገኘ ፖስታ ቤት ሄዳችሁ ቅጽ 6401ን ሞልታችሁ የማጣሪያውን ክፍያ ክፈሉ። ተመንዝሮ ከሆነ ኮፒው ሲመጣ ጀርባውን ገልብጡት፤ የአከራዩ ማኅተም ካለበት ክርክሩ አለቀ። የማታውቁት ሰው ፊርማ ካለበት ግን ተሰርቆ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ለፖስታ ቤቱም ለአከራዩም በጽሑፍ አሳውቁ።

ምርመራው እስከ 60 ቀን ሊወስድ ይችላል፤ አከራዩ በሬንቱ ከከሰሳችሁ የፍርድ ቤት መጥሪያው ይህን አይጠብቅም። ቀጠሮው ከቀደመ የሞላችሁትን ቅጽ ኮፒ፣ ስቴትመንቱንና ለቢሮው የጻፋችሁትን ኢሜይል አትማችሁ ይዛችሁ ቅረቡ። አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ ከቀጠሮው ቀን በፊት ለፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ደውላችሁ አማርኛ ጠይቁ።