ልጅዎ በልዩ ክፍል ይማር ወይስ ከእኩዮቹ ጋር?

«ልጁ ትምህርት አይገባውም፤ ሐኪም አይቶት ወረቀት ይዛችሁ ኑ» ተብለው ወደ ክሊኒክ የሚመጡ ወላጆች በአብዛኛው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ልዩ ክፍል ይግባ ወይስ ባለበት ይቆይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ከእሱ በፊት ግን መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ልጁን እንዳይማር ያገደው ምንድን ነው?

መጀመሪያ ምርመራ

ከሰሌዳ አሳስቶ የሚገለብጥ ወይም ደብተሩን ወደ ፊቱ የሚያስጠጋ ልጅ መነጽር ብቻ ሊበቃው ይችላል። ሲጠሩት የማይመልስ ልጅ፣ በተለይ ጆሮው እየተመላለሰ መግል የሚፈስሰው ከሆነ፣ ላይሰማ ይችላል። አንዳንድ ልጆች ደግሞ በትምህርት መሃል ለጥቂት ሰከንዶች ፈዘው ይቀሩና ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላሉ። መምህሩ «ልቡ እዚህ የለም» ይላል፤ ነገሩ ግን መውደቅና መንፈራገጥ የሌለው የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል። በመድኃኒት ይታከማል። (ልጅዎን ጸበል ቢወስዱት ከሕክምናው ጋር አይጋጭም፤ መድኃኒቱን ግን ያለ ሐኪም ምክር አያቋርጡ።) የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ እና ሌሊት በማንኮራፋት የሚቆራረጥ እንቅልፍም ትኩረትን ይቀንሳሉ።

ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ እነዚህ ምርመራዎች በየጊዜው ያስፈልጉታል። አዲስ ችግር ሲመጣ ሁሉም ሰው «ያው በሽታው ነው» ስለሚል፣ መታከም የሚችለው የጆሮ ችግር ሳይታይ ዓመታት ያልፋሉ።

ዓይንና ጆሮው ሳይመረመር «የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት» የሚል ወረቀት ቢሰጥዎ፣ ምርመራው እንዲሟላ ይጠይቁ።

አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ብቻውን አካቶ አይደለም

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ስምምነቱ እነዚህ ልጆች በአካቶ ትምህርት፣ ማለትም ከሌሎች ልጆች ጋር አስፈላጊው ድጋፍ እየተደረገላቸው የመማር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ችግሩ «ድጋፍ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ስልሳ ልጆች ባሉበት ክፍል መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውል ልጅ ተመዝግቧል እንጂ እየተማረ አይደለም።

ፊደል ወይም ስሌት ብቻ የሚከብደው፣ ወይም ትኩረቱ የሚበታተን ልጅ በእኔ እምነት ከእኩዮቹ መለየት የለበትም። ከፊት ይቀመጥ፤ ትእዛዝ አንድ በአንድ ይነገረው፤ በፈተና ጊዜ ተጨማሪ ደቂቃዎች ይሰጡት። ዓይነ ስውር ልጅም ብሬይል ከተማረና መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሚጽፈውን ጮክ ብሎ ካነበበለት በመደበኛ ክፍል መማር ይችላል። ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ ንግግርና ጨዋታ ከእኩዮቹ ይቀስማል፤ በቀን ለተወሰነ ሰዓት ግን በትንሽ ቡድን ቢረዳ ይጠቅመዋል። ጫጫታ የሚረብሸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ በትንሽ ክፍል ጀምሮ ቀስ በቀስ መቀላቀል ሊሻለው ይችላል።

መስማት የተሳነው ልጅ ጉዳይ ለየት ይላል። አእምሮ ቋንቋን በቀላሉ የሚይዘው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ መምህር በሌለበት ክፍል የተቀመጠ ልጅ የሚያመልጠው የዕለቱ ትምህርት ብቻ ሳይሆን ቋንቋ ራሱ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች፣ ብቻውን ከሚሰሙ ልጆች መሃል ከሚሆን፣ በምልክት ቋንቋ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ወይም ልዩ ክፍል ቢገባ እመርጣለሁ። ቤተሰቡም አብሮ ይማር፤ ቤት ውስጥ የሚያናግረው ሰው ያስፈልገዋል።

ከመመዝገብዎ በፊት

ልዩ ክፍል ከመረጡ አንድ ጥያቄ አይዝለሉ፦ «ገብቶ መቼ ይወጣል?» በሰባት ዓመቱ ገብቶ በአሥራ አምስት ዓመቱም ያንኑ ሥዕል ቀለም ሲቀባ የሚገኝ ልጅ ትምህርት ቤት ነው ያለው ለማለት ይከብዳል። ለልጁ የተዘጋጀ የግል የትምህርት እቅድ እንዳለ ይጠይቁ፤ ካለ ያሳዩኝ ይበሉ። መደበኛ ክፍል ከሆነ ደግሞ መምህሩ ሥልጠና አለው? ልጁን ሽንት ቤት ማን ያደርሰዋል? በእረፍት ሰዓት ልጆች ሲያሾፉበት ማን ያያል? የሚጥል በሽታ ካለበት፣ ሲጥለው ምን እንደሚደረግ ቢያንስ ሁለት መምህራን ይወቁ።

ሐኪምዎም የበሽታውን ስም ብቻ ጽፎ እንዳይሰጥዎ። «ኦቲዝም» የሚል አንድ ቃል ይዞ የሄደ ወላጅ በሩ ላይ ሊመለስ ይችላል። ልጁ ምን መሥራት እንደሚችል፣ ምን እንደሚከብደውና ምን እንዲደረግለት እንደሚያስፈልግ ይጻፍ።

ውሳኔው የዘላለም አይደለም። ከአንድ መንፈቀ ዓመት በኋላ እንደገና ይመዝኑት። ማለዳ ማለዳ ሆዴን አመመኝ የሚል፣ ትቶት የነበረውን ሌሊት መሽናት እንደገና የጀመረ፣ ይናገራቸው የነበሩ ቃላትን የተወ ወይም ሰውነቱ ላይ ምክንያቱን የማያውቁት ሰንበር ያዩበት ልጅ ካለዎት ግን መንፈቁ እስኪያልቅ አይጠብቁ፤ ወደ ሐኪም ይዘውት ይምጡ፣ መምህሩንም በዚያው ሳምንት ያነጋግሩ።