ፈትልና ችግኝ በዘመነ ጸደይ

የሀገራችን ሰው መስከረም ጠብቶ አደይ አበባ ሜዳውን ሲያለብሰው «ጸደይ ገባ» ማለትን ለምዷል፤ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ግን ዓመቱን ለአራት ሲከፍሉ፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን መፀው፣ ከዚያ ወዲያ እስከ መጋቢት 25 ያለውን ሐጋይ ብለው፣ ጸደይ የሚለውን ስም ያኖሩት ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ላለው ወራት ነው። ይህን በልጅነቴ ከአባቴ ስሰማ ግራ ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን 27 ዓመት የእጅ ሥራ ካስተማርሁና በአዲስ አበባ ያለችኝን ጠባብ ጓሮ ስኮተኩት ከኖርሁ በኋላ፣ በሐጋይ ፀሐይ የተሰነጣጠቀው መሬት የበልግ ዝናብ ሲያርፍበት የሚያወጣውን ሽታ ያሸተተ ሰው ለሊቃውንቱ ቃል ሌላ ምስክር እንደማይሻ ተረድቻለሁ።

በዚህ ወራት በየቅዳሜው ጧት፣ ከትምህርት ቤት ተማሪዎቼ ሌላ፣ አምስት ስድስት ጎልማሶች በበረንዳዬ ይሰበሰባሉ። አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ ሾፌር ነው፣ አንዷ ወጣት በአንድ መሥሪያ ቤት ሂሳብ ትሠራለች። ከፊሉ በኪሮሽ ዳንቴል ይሠራል፣ ከፊሉ ጥልፍ ይጠልፋል፣ ሹራብ የጀመረም አለ፤ ጎረቤቴ የሆኑት አሮጊት ደግሞ አክርማቸውንና ስንደዷቸውን በውሃ አርሰው፣ ወስፌያቸውን ይዘው ከጥጉ ይቀመጡና፣ እኔ በቃል ብዛት ያላስረዳሁትን በዝምታ ሲሰፉ ያስረዱልኛል።

ባለፈው ሚያዝያ ይህች የሂሳብ ሠራተኛ ለእኅቷ ሕፃን የጀመረችውን ሹራብ አንሥታ ብትቆጥረው፣ በ80 የክር ቀለበት የተጀመረው ሥራ 78 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ወደ ታች ተከትለን ብናየው፣ 12 መስመር ዝቅ ብሎ በሁለት ቦታ ሁለት ሁለት ቀለበት በአንድነት ተሠርቶ ጠርዙ ገባ ብሏል። «እትዬ፣ እንዳላየን ብናልፈውስ?» አለችኝ። ሸማ ቢሆን ድሩና ማጉ ተሻግረው ስለሚያያዙ ሸማኔው ያንዲቷን ክር ስሕተት በሌላዪቱ ሊያስታርቃት ይችል ይሆናል፤ ሹራብ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ክር በራሱ ቀለበት ውስጥ እየሾለከ የሚወጣበት ሥራ ስለሆነ፣ በታች የተደረገው ሁሉ እስከ ላይ ድረስ ይከተላል። የሚሳበውም የሚለጠጠውም፣ ገላን እቅፍ አድርጎ የሚያሞቀውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ስለዚህ መርፌውን አስወጥቼ ክሩን እንድትስበው ነገርኋት።

እየሳበች ዐይኗ እንባ አቀረረ፤ የሦስት ሳምንት ሥራ ነበርና። ክሩ ሲተረተር ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ታጥፎ የቆየበትን ቀለበት ሁሉ በላዩ ይዞ፣ ገና እንደ ተፈታ ሹሩባ ተጠማዝዞ ይወጣል። በወንበር መደገፊያ ላይ ጠቀለልነው፣ በአራት ቦታ በላላ ክር አሰርነው፣ ለብ ባለ ውሃ ነክረን ከታቹ ቀለል ያለ ነገር አንጠልጥለን ሰቀልነው፤ በማግሥቱ ሱፉ እንደ አዲስ ተቃንቶ ተገኘ። ያች ልጅ በዚያ ቀን ሹራብ መሥራት ተማረች ብዬ የማምነው ስሕተቷን ፈትታ ክሩን መልሳ ስላቃናች ነው።



ከምሳ በኋላ ወደ ጓሮ እንወርዳለን። በእጅ ሥራ የሠለጠነ ሰው በአፈር ፊት እንዴት እንደሚቸገር ያየሁት በዚሁ ነው። ያችው ልጅ የጤና አዳም ቅንጣቢ ተክላ፣ ከቀትር ፀሐይ እንዲሰወርላት ቅጠል አልብሳት ሄደች፤ በሁለተኛው ቅዳሜ ግን ከመደቡ አጠገብ ተንበርክካ ቅንጣቢዋን ነቅላ ሥር ታወጣ እንደሆነ ስትመረምር አገኘኋት። በሹራቡ ላይ ያስተማርኋት መልሶ መፍታትና መመርመር እዚህ ገዳይ መሆኑን አስቀድሜ አልነገርኋትም ነበርና ጥፋቱ የእኔ ነው። ሥሩ ከጸጉር የቀጠነ ነጭ ነገር ሆኖ ገና ብቅ ማለት ጀምሮ ነበር፤ በነካችው ጊዜ ተቀጠፈ። ጎረቤቴም ስፌታቸውን እንደ ያዙ ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ እሷ የምትሠራው ሳታዪያት ነው» አሏት። ሌላ ቅንጣቢ ቆርጠን ተከልን።

ይህን ሁሉ ሲያይ «ሸጣችሁ ታተርፉበታላችሁ» የሚል ጎብኚ አይታጣም። በሽሮ ሜዳ ሸማ ሸጦ ቤቱን የሚያስተዳድረውን ባለ ጥበብ ከልቤ አከብረዋለሁ፤ ሆኖም በቋንቋችን «ትርፍ» የተረፈውንም የተገኘውንም ጥቅም የሚያመለክት አንድ ቃል በመሆኑ፣ «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» ስንል ጊዜውን እንደ ፍርፋሪ፣ ሥራውንም እንደ ንግድ ማየት ይቀናናል። ለእኔ እነዚህ የቅዳሜ ሰዓታት ፍርፋሪ አይደሉም። ጸደይ በገባ በአራተኛው ቀን፣ መጋቢት 29፣ መልአኩ ገብርኤል እመቤታችንን ሲያበሥራት ሐርና ወርቅ እያስማማች ትፈትል እንደ ነበር በቤተ ክርስቲያን ተምረናል፣ ሠዓሊዎቻችንም ፈትል አስይዘው ይሥሏታል፤ ዕለቱ ብዙ ጊዜ በዐቢይ ጾም ስለሚውል ክብረ በዓሉ ታኅሣሥ 22 እንዲሆን ኤጲስ ቆጶሱ ደቅስዮስ ሥርዓት ቢሠራም፣ ያ ፈታይ እጅ ከጸደይ ጋር በሕሊናዬ ተያይዞ ቀርቷል። ለቤተ መቅደስ የሚፈተለውን ክር ዋጋው ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ ማነው?

እሑድ እናቴ እንዝርት አትነካም ነበር፤ እኔም አልነካም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የቅዳሜዎቹ ሰዎች ተሰብስበን ቡና ተፈልቶ፣ ያ ሹራብ 80 ቀለበቱ ሞልቶ እጅጌው ብቻ ሲቀር ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወር ነበር። ነርሷ ለቡናው ጤና አዳም ልትቀጥፍ ተነሥታ፣ ሁለተኛዪቱ ቅንጣቢ ከጫፏ ሁለት ለጋ ቅጠል ማውጣቷን አይታ ጠራችን። ሁላችንም ቆመን አየናት፤ ለቡናው የሚሆነውን ከአሮጌው ተክል ቀጠፍን።