ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ለሚጠልቅ ሰው የሚያስፈልገው ዝግጅት

በአይስላንድ አገር ቲንግቬትሊር በሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሲልፍራ የሚሉት የምድር ስንጥቅ አለ። ስንጥቁ የተከፈተው የአሜሪካና የአውሮፓ የምድር ንጣፎች ከዓመት ወደ ዓመት ቀስ በቀስ የሚራራቁ ስለ ሆነ ነው። ላንግዮኩል ከተባለው የበረዶ ግግር የሚቀልጠው ውኃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ተጣርቶ ይሞላዋል፤ ስለዚህም እስከ 100 ሜትር ድረስ አጥርቶ ያሳያል። ይህንን ውበት ለማየት ከየአገሩ ብዙ ጠላቂ ይመጣል። ነገር ግን ውኃው በክረምትም በበጋም ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ በዚያም ሕይወታቸው ያለፈ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ከቤተ ሰብ አንዱ «ልሄድ ነው» ባለ ጊዜ ሻንጣው ሳይዘጋ ሊታሰብ የሚገባውን እንጽፋለን።

ውኃ የሰውን ሙቀት ከአየር ይልቅ 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። ብርዱ በመዠመሪያ የሚይዘው ጣትን ነው፤ ጣትም የደነዘዘ እንደ ሆነ መቈለፊያ መፍታትና ቫልቭ ማዞር ያቅታል። ቀጥሎም አሳብ ይዘገያል፤ ይህኛው ሰውየው ራሱ ስለማያውቀው ይብሳል።

በሞቃት ባሕር የሚለበሰው የጎማ ልብስ ጥቂት ውኃ አስገብቶ በገላ ሙቀት የሚሞቅ ነው። ለሲልፍራ ግን ውኃ ፈጽሞ የማያስገባው ልብስ ያስፈልጋል፤ ይኸውም በአንገትና በእጅ አንጓ ላይ አጥብቆ የሚይዝ፥ በውስጡም አየር የሚጨመርበት ነው። ጠላቂው ዝቅ ባለ ቍጥር አየሩ ተጨምቆ ልብሱ ገላውን ይቈነጥጠዋልና ጥቂት ይጨምርበታል፤ ሲወጣም አየሩ ይሰፋልና ያስተነፍሰዋል። ይህንን የዘነጋ ሰው ሳይወድ በፍጥነት ወደ ላይ ይነሣል፤ በዚያ ጊዜ ትንፋሹን ይዞ ቢገኝ ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። እንግዲህ ልምምዱ በአገሩ ሳለ፥ ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነ ጸጥተኛ ውኃ ደጋግሞ ሊፈጸም ይገባል እንጂ በሲልፍራ ዳር የሚዠመር ትምህርት አይደለም።

ከውስጥ ስለሚለበሰው ነገር እኛ ልንሳሳት እንችላለን፤ ነጠላችንም ጋቢያችንም ጥጥ ነውና። ጥጥ ላብ ጠጥቶ ርጥብ ሆኖ ስለሚቀር በዚህ ስፍራ አይረባም። ቀጭን የበግ ጠጕር ሹራብ ከገላ ላይ፥ ከላዩም ወፍራም ልብስ ይሻላል። ካልሲ ደራርቦ በጠባብ ጫማ መጨናነቅ ግን ደም እንዳይዘዋወር ስለሚከለክል እግሩን ይበልጥ ያቀዘቅዘዋል።

ኩስቶና ጋኛን የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1943 ያወጡት የመተንፈሻ መሣሪያ ዛሬ እጅግ ተሻሽሏል፤ ቢሆንም ብርድን የሚፈራ ነው። የታመቀው አየር ሲወጣ እየሰፋ ስለሚቀዘቅዝ በመሣሪያው ውስጥ በረዶ ይሠራል፤ ያን ጊዜ አየሩ ያለ ማቋረጥ ይፈስና በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ለቀዝቃዛ ውኃ የተሠራውን መምረጥ፥ ከጉዞውም በፊት በባለሙያ ማስመርመር ያስፈልጋል። ብዙዎች በውኃው ዳር ቆመው «ልሞክረው» እያሉ ደጋግመው ይተነፍሱበታል፤ የትንፋሻቸው እርጥበት ውስጡ ገብቶ ይረጋልና ይህ ልማድ ቢቀር መልካም ነው። አየሩ ቢፈስ ከባልንጀራ አየር ተካፍሎ መውጣትንም አስቀድመው ይለማመዱ።

ከዕቃው ሁሉ ይልቅ የሚሸሸገው ሕመም ያሳስበናል። ብርድ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብብ በልብ ላይ ሸክም ይጨምራል፤ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር ሊጠልቅ አይገባውም። ገንዘቡ ተከፍሏል፥ ቲኬቱም ተቈርጧል ብሎ ዝም የሚል ባል አይታጣምና እዚህ ላይ ባለቤቱ ብትናገር ደፋር አትባልም።

የመመለሻውም ቲኬት ሲቈረጥ ይታሰብበት፤ ደጋግሞ የጠለቀ ሰው ከመጨረሻው መጥለቅ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቈይ አይሮፕላን አይሳፈር። በውኃው ዳር የሚጠብቀው ዘመድም ደረቅ ካልሲ፥ የጠጕር ቆብና በፔርሙዝ ትኵስ ሻይ ይያዝለት።