ጾሙ ያው ነው፣ የልጁ ቁጥር ግን ቀንሷል

ግንቦት 1 ቀን የአዲስ አበባዋ ልደታ ማርያም ቅጥሯም ዙሪያዋም በሰው ይሞላል። በየደጁ ንፍሮ ይቀቀላል። ልጅ የዘገየባት «ለከርሞ ታቅፌ ልምጣ» ብላ ትሳላለች፤ የአምናው ስለቷ የሠመረላት ደግሞ ሕፃኗን ይዛ የተሳለችውን ታስገባለች። በዚህ ሰፈር ልጅ ዛሬም የእግዜር ስጦታ ነው። ይሁንና በ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት የአዲስ አበባ ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ 1.8 ልጅ ነበር፤ ከአገሪቱ ዝቅተኛው።

እንግዲህ «የሚያስወልደው ሃይማኖት ነው» የሚለውን ወሬ እንዳለ መቀበል ይቸግራል። በአማራ ክልል በ1992 ዓ.ም. 5.9 የነበረው አማካይ በ2008 ወደ 3.7 ወርዷል። ዐቢይ ጾሙም ፍልሰታውም አልተለወጡም፤ ክርስትናም ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን እንደሆነ ነው። የተለወጠው ሌላ ነው። መሬቱ ለልጆች ተካፍሎ አልበቃ አለ፣ ልጃገረዷ ትምህርት ቤት ገባች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም የወሊድ መከላከያ መርፌውን ይዛ ቀበሌ ድረስ ወረደች።

በሶማሌ ክልል በዚያው በ2008ቱ ጥናት አማካዩ 7.2 ነበር። «እስልምናው ነው» የሚል ሰው አብዛኛው ነዋሪዋ ሙስሊም የሆነችውን ድሬዳዋን ይመልከት፤ 3.1። በአያቶላዎች የምትመራው ኢራንም ከ6 በላይ የነበረውን በሃያ ዓመት ገደማ ወደ 2 አውርዳለች። በሶማሌ ክልል ግን አርብቶ አደሩ ከብቱን የሚጠብቅለት ልጅ ይፈልጋል፤ ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው።

ሃይማኖት ኃይል የለውም ማለቴ አይደለም። የንስሐ አባቷ ወይም ሼኹ የወሊድ መከላከያን «ኃጢአት ነው» ካሏት፣ አንዷ ትተወዋለች፤ ሌላዋ መርፌውን ከባሏ ደብቃ ትወጋለች። መርፌ ከክኒን ይልቅ የተወደደበት አንዱ ምክንያት እኮ ቤት ውስጥ የሚታይ ነገር ስለማይተው ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ወሊድን የሃይማኖቶች የቁጥር ፉክክር ማድረጉ ነው። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 10.2 በመቶ የነበሩት ፕሮቴስታንቶች በ1999 ዓ.ም. 18.6 በመቶ ሆኑ። በ13 ዓመት ባልሞላ ጊዜ እንዲህ ያለ ለውጥ በወሊድ ብቻ አይመጣም፤ ብዙ ሰው እምነቱን ቀይሮ ነው። «እነ እገሌ እየወለዱ ሊበልጡን ነው» የሚለው ስጋት ታዲያ ሸክሙን በእናቶች ማኅፀን ላይ ይጥላል።

ስለዚህ አባቶች፣ ሼኾች፣ ፓስተሮች፦ ባልና ሚስት አራርቀው መውለድ ፈልገው ሲያማክሯችሁ አታስፈራሯቸው፤ ተያይዘው ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ ንገሯቸው።