ባለመትከያ ድምፅ ማጉያ መግዛት ይጠቅማልን?

በካርቱምና በማዶዋ በኦምዱርማን ሙዚቃን በመሣሪያ ማዳመጥ አዲስ ነገር አይደለም። በ1920ዎቹ ዓመታት (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) የሱዳን ዘፋኞች ድምፃቸውን በካይሮ በሸክላ ሲያስቀርጹ፣ የኦምዱርማን ቡና ቤቶች ግራሞፎን እያቆሙ ደንበኛ ይስቡ ነበር። የሸክላውን ንግድ ካስፋፉት ሰዎች አንዱ ዲሚትሪ አልባዛር እየተባለ የሚጠራው ግሪካዊ ነጋዴ ነበር። በ1940 የኦምዱርማን ራዲዮ ተቋቋመ። ከዚያም የሆላንዱ ፊሊፕስ ኩባንያ በ1963 ያወጣው ካሴት መጣና ሙዚቃው ከሱቅ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ቤት ይዘዋወር ጀመር።

ይህን የጠቀስነው ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም። ፊሊፕስ የካሴቱን አሠራር ሌሎች ፋብሪካዎች ያለ ክፍያ እንዲሠሩበት ፈቅዶ ነበር። ስለዚህ በኦምዱርማን የተቀዳው ካሴት በጃፓን ማጫወቻም ሆነ በጀርመን ማጫወቻ ያለ ችግር ይሰማ ነበር። ማጫወቻው ቢሰበር ሌላ ይገዛል እንጂ ካሴቱ ከንቱ አይሆንም። መብራት ሲጠፋም የባትሪ ድንጋይ ነበረ።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጉዳይ እንመለስ። አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኦክቶበር 2001 አይፖድ የሚባለውን፣ አንድ ሺህ ያህል ዘፈን ይዞ በኪስ የሚገባውን ማጫወቻ አወጣ። መሣሪያው በጆሮ ማዳመጫ ለባለቤቱ ብቻ ይሰማ ስለ ነበር፣ ቤተ ሰብና እንግዳ አብሮ እንዲያደምጥ «ዶክ» የተባለ ድምፅ ማጉያ ተሠራለት። ዶክ በእንግሊዝኛ መርከብ ተጠግታ የምትቆምበት ስፍራ ነው፤ ኢጣልያኖች ባንኪና የሚሉት መሆኑ ነው። በአማርኛ «መትከያ» ብንለው ከሥራው ይስማማል፤ ማጫወቻው በላዩ ቀጥ ብሎ ይተከላልና። የምፅዋን ወደብ ያየ አንባቢ እንደሚያውቀው፣ ባንኪናው ለመርከቡ ልክ ካልሆነ ጭነቱ አይወርድም። የነገሩም ሁሉ ቍልፍ እዚህ ላይ ነው።

ከ2003 ጀምሮ የአይፖድ መሰኪያ 30 ጥርስ ነበረው። በዚያው መሰኪያ ማጫወቻው ኃይል ይቀበላል፤ ሙዚቃውንም ያስተላልፋል። ሽቦ ስለማይበዛ ለሳሎን ያማረ ነበር። ቦዝ የተባለው ፋብሪካ በ2004 ያወጣው ሳውንድዶክ 299 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ድምፁም ለመጠኑ የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን የመጀመሪያው ዐይነት ከግድግዳ ኤሌክትሪክ በቀር በሌላ አይሠራም፤ ለሌላ ማጫወቻ የሚሆን የሽቦ ቀዳዳም አልነበረውም። አፕል ራሱ በ2006 በ349 ዶላር ያወጣው ስድስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ይቀበል ነበር፤ የሽቦ ቀዳዳም ነበረው። በእኛ አስተያየት ለካርቱም የሚስማማው ይህኛው ነበር፤ ነገር ግን በ2007 ሥራው ቆመ።

በ2012 ኩባንያው 30ውን ጥርስ ትቶ 8 ጥርስ ያለው ትንሽ መሰኪያ አመጣ። በአንድ ቀን በየቤቱ የተቀመጠው ዶክ ሁሉ ለአዲሱ ስልክና ማጫወቻ የማይገጥም ሆነ። ማገናኛው ብቻ 29 ዶላር ተሸጠ። አይፖድ የተባለው መሣሪያ ራሱ በሜይ 2022 ቀረ፤ በ2023 ደግሞ የስልኩ መሰኪያ እንደገና ተለወጠ።

በሱዳን ነገሩ ይበልጥ ይከብድ ነበር። አሜሪካ በኖቬምበር 1997 በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ ጥላ ነበር። በፌብሩዋሪ 2015 ለግል መገናኛ መሣሪያዎች ፈቃድ ሰጠች፤ አጠቃላዩ የንግድ ማዕቀብም በኦክቶበር 2017 ተነሣ። እንግዲህ ባለ 30 ጥርሱ ዶክ በዓለም በደራበት ዘመን ሁሉ የኩባንያው ሕጋዊ ወኪል በካርቱም ሊቆም አይችልም ነበር። ዕቃው በዱባይ በኩል በሻንጣ ሲመጣ ዋስትናም መለዋወጫም አብሮት አይመጣም።

የኤሌክትሪኩም ጉዳይ አለ። የሱዳን መስመር 230 ቮልት ነው፤ 120 ቮልት ብቻ ተብሎ የተጻፈበት የአሜሪካ ማስተላለፊያ ከተሰካ ይቃጠላል። በ2009 የተመረቀው የመርዌ ግድብ 1,250 ሜጋዋት ቢኖረውም የመብራት መቋረጥ አልቀረም፤ በጃንዋሪ 2025 የግድቡ ማከፋፈያ በድሮን ተመትቶ ብዙ ከተሞች ጨለሙ። ከዚህም ሌላ የካርቱም ሰው በሙቀቱ ምክንያት ማታ የሚቀመጠው በግቢው ነው። ለሳሎን ጠረጴዛ የተሠራው ትንሽ ድምፅ ማጉያ በደጅ ሲሆን ድምፁ ይበተናል፤ ሀቡብ የተባለው የአቧራ ማዕበልም በተገለጠው ጥርስ ውስጥ ይገባል።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነት በተነሣ ጊዜ በከተማው መካከል ያለው ሱቅ አልዐረቢ ተዘረፈ፤ ተቃጠለም። በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ለተሻገረው ሰው፣ ከነዚያም መካከል በዴም ሰፈር ይኖሩ ለነበሩት ወገኖቻችን፣ የጥላሁንም ሆነ የመሐመድ ወርዲ ዘፈን በስልክ ውስጥ በኪስ ሊያዝ የሚችል ነበር። የጠረጴዛ ዶክ ግን የስደት ዕቃ አይደለም።

በማርች 2025 ጦር ሠራዊቱ ከተማዪቱን መልሶ ከያዘ በኋላ ሱቁን ዳግም ለሚከፍት ነጋዴ አሮጌ ዶክ ከባሕር ማዶ በርካሽ ቢቀርብለት፣ መሰኪያውን ሳይሆን ጀርባውን ይመልከት። የተለመደው ክብ የሽቦ ቀዳዳ ካለው ከማንኛውም ፋብሪካ ማጫወቻ ጋር ይሠራልና ዋጋው እንደ ተራ ድምፅ ማጉያ ይገመት። ከሌለው አይዘዘው። ለአዲስ ግዢ ባለ ብሉቱዝና ባለ ባትሪ ድምፅ ማጉያ ይሻላል፤ የስልኩ መሰኪያ ቢለወጥም እርሱን አይነካውም። ባትሪው በካርቱም ፀሐይ ቶሎ ስለሚደክም ግን የሚለወጥ መሆኑ ይጠየቅ። ዶክ በቤቱ ያለውም አይጣለው፤ በ30ው ጥርስ ላይ የሚሰካ ትንሽ የብሉቱዝ መቀበያ ይሸጣል፤ በዚያ ከአዲሱ ስልክ ጋር ይገናኛል።