የስማዳ አፈርና የእስክንድርያው የመብራት ማማ

ከንፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር የሚጓዝ ሰው አቅጣጫው ቢጠፋው ቀና ብሎ ጉናን ይፈልጋል። ከባሕር ጠለል ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ይህ ተራራ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሰው የታወቀ ምልክት ነው። ተራራ በማይታይበት ባሕር ላይ በሌሊት የሚጓዝ መርከበኛስ ምልክቱ ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት የአካባቢያችንን ወንዞች ተከትለን እስከ ሜድትራንያን ባሕር እንሂድ።

ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ ከያዙት ደለል አብዛኛው በጣናና በዙሪያው ሜዳ ይቀራል። ከጋይንትና ከስማዳ ምሥራቃዊ ገደሎች የሚወርዱት ወንዞች ግን በበሽሎ በኩል ዓባይን ይቀላቀላሉ። በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ከእነዚህና ከሌሎች የኢትዮጵያ ደጋዎች የታጠበው አፈር የግብፅን ዴልታ በብዛት ሠርቷል። የሥነ ምድር ባለሙያዎችም በዴልታው ጭቃ ውስጥ የእሳተ ገሞራ ዓለቶቻችንን አሻራ ለይተው ያውቃሉ።

ደለል የሠራው ምድር ዝቅተኛና ለጥ ያለ ነው። መርከበኛው ጠረፉን የሚያየው እጅግ ከቀረበ በኋላ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ደግሞ ጥልቀት የሌለው ውኃና ዓለት መርከቡን ሊሰብረው ይችላል። ከዴልታው በስተምዕራብ የምትገኘው የእስክንድርያ ጠረፍም ከሩቅ የሚታይ ተራራ የላትም። ስለዚህ በወደቧ መግቢያ፣ ፋሮስ በተባለች ደሴት ላይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ280 ዓመት ገደማ ታላቅ ማማ ቆመ። ስሙ ከሥራው ጋር የሚነሣው የክኒዶሱ ሶስትራቶስ ነው። ማማው ከታች አራት ማዕዘን፣ ከመካከል ስምንት ማዕዘን፣ ከላይ ክብ ሆኖ ከ100 ሜትር በላይ እንደነበረ ይገመታል። በጫፉ ላይ እሳት ይነድ ነበር።

ይህን ያህል ቁመት ለምን አስፈለገ? ምድር ክብ ስለሆነች ብርሃን የቱንም ያህል ቢደምቅ ከአድማስ ባሻገር ላለ ዓይን አይደርስም። የመብራቱን ከፍታ በሜትር ወስደን፣ ዳግም ዘሩን በ3.57 ብናባዛ የአድማሱን ርቀት በኪሎ ሜትር እናገኛለን። በ2 ሜትር ከፍታ ያለ መብራት አድማሱ 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ በ100 ሜትር ግን 36 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጉና በባሕር ዳርቻ ቢቆም ኖሮ ከጫፉ የሚታየው አድማስ 229 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ነበር።

ከፍታ ብቻውን ግን አይበቃም። እሳት ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚበትን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ፈረንሣዊው ኦጉስተን ፍሬኔል ይህን ብክነት የሚቀንስ መላ አገኘ። በ1823 እ.ኤ.አ. በኮርዱዋን ማማ ላይ የተተከለው የእርሱ ሌንስ በቀለበት በቀለበት የተደረደሩ መስታወቶች ያሉት ሲሆን፣ የተበተነውን ብርሃን ሰብስቦ ወደ አድማሱ ይልካል።

የእስክንድርያው ማማ ያን ዘመን አላየም። በተለይ በ1303 እ.ኤ.አ. የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ጎድቶት ፈረሰ። በ1477 እ.ኤ.አ. ሱልጣን ቃይትባይ በስፍራው ምሽግ ማሠራት ጀመረ። በ1994 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጠላቂ ተመራማሪዎች የማማው ናቸው የተባሉ ግዙፍ ድንጋዮችን ከባሕሩ ወለል አገኙ።

ዛሬ ደለሉም እንደ ቀድሞው ወደ ባሕር አይደርስም። የአስዋን ግድብ በ1970 እ.ኤ.አ. ከተጠናቀቀ ወዲህ ደለል በግድቡ ሐይቅ ስለሚቀር ማዕበል የዴልታውን ጠረፍ እየበላው ነው። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ከደጋዎቻችን የሚወርደውን ደለል ይቀበላል። እንግዲህ ከስማዳ ማሳ የሚታጠበው አፈር ለገበሬው የምርት ማነስ፣ ለግድቡም የውኃ መያዣ መጥበብ ይሆናል። በተዳፋቱ ላይ የሚሠራ እርከን ሁለቱንም ጉዳት ይቀንሳል። የቀድሞዎቹ ሰዎች አፈሩ በሄደበት አገር ማማ አቆሙ፤ የእኛ ድርሻ ግን አፈሩን ከመነሻው ማቆየት ነው።