እናትነትና ሥራ በቤርት ሞሪዞ ሥዕሎች

እናትና ልጅ በሥዕል ሲባል ለአብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ምስለ ፍቁር ወልዳ ነው። እመቤታችን ልጇን ታቅፋለች፤ ከእናትነቷ ሌላ ምን ትሠራ ነበር ብለን እንድንጠይቅ ሥዕሉ አይጋብዘንም፣ ዓላማውም እሱ አይደለም። ዘመናዊው ሥዕል ግን ይህን ጥያቄ ይዞ መጣ። ጉዳዩን በፈረንሳዊቷ ሠዓሊ በቤርት ሞሪዞ (1841-1895) ሥራዎች እንየው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጣም የታወቀው ሥዕሏ በ1872 የሠራችው «የሕፃን አልጋ» ነው። እናትየዋ የገዛ እህቷ ኤድማ ናት፤ የተኛችው ደግሞ የኤድማ ልጅ ብላንሽ። ኤድማ ጭንቅላቷን በእጇ ደገፍ አድርጋ ልጅቷን ታያለች፣ በሌላው እጇ የአልጋውን ስስ አጎበር ይዛለች። አጎበሩ በእኛና በሕፃኗ መካከል ስለገባ የልጅቷ ፊት ደብዘዝ ብሎ ነው የሚታየን። ሲያዩት ሰላም የሰፈነበት ቤት ነው። ነገር ግን ኤድማ ራሷ ሠዓሊ ነበረች! እህትማማቾቹ አብረው ተምረዋል፣ ኮሮ ዘንድ ሠልጥነዋል፣ በ1864 በፓሪሱ ሳሎን አብረው ሥዕል አቅርበዋል። ኤድማ በ1869 የባሕር ኃይል መኮንን አግብታ ከፓሪስ ስትወጣ ብሩሹን አስቀመጠች፤ ስቱዲዮው እንደናፈቃትም ለእህቷ ጽፋለች። ይህን ካወቅን በኋላ ያ ትካዜ ያለበት አስተያየት እንዲያው የእናት ፍቅር ብቻ ነው ማለት ያስቸግራል። (እርግጥ ድካምም ሊሆን ይችላል፤ ሕፃን ያለበት ቤት ያውቀዋል።) ሥዕሉ በ1874 በኢምፕረሽኒስቶች የመጀመሪያ ኤግዚቢሽን ቢቀርብም ገዢ አላገኘም። ሉቭር የገዛው በ1930 ነው፤ ዛሬ በኦርሴ ሙዚየም ይገኛል።

ቤርት ግን አግብታም አልተወችም። በ1874 የሠዓሊውን የኤድዋር ማኔን ወንድም ኤዤንን አገባች፣ በ1878 ልጇ ዡሊ ተወለደች። በ1881 በቡዢቫል በሣለችው ሥዕል ልጅ ጠባቂው አባት ነው፤ ዡሊ አባቷ ጉልበት ላይ ባለው መጫወቻ ትጫወታለች።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግን ከዚያ በፊት፣ በ1880 ገደማ የሠራችው ነው። ዡሊን የምታጠባት በደመወዝ የተቀጠረች ሞግዚት፣ አንዤል ነበረች። ቤርት ይህችን ሴት ልጇን ስታጠባ ሣለቻት። እስቲ ልብ በሉት፤ እናት ሸራው ፊት ናት፣ ልጇ በሌላ ሴት ጡት ላይ። አቀማመጡ የእመቤታችንን ሥዕሎች ያስታውሳል፤ አሳሳሉ ግን ችኮላ የበዛበት ስለሆነ የአንዤል ፊት እንኳ በቅጡ አይለይም፣ ነጭ ልብሷና አረንጓዴው ሣር እርስ በርስ ተቀላቅለዋል። የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊዋ ሊንዳ ኖክሊን በ1988 በወጣ መጽሐፏ እንዳሳየችው እዚህ ያሉት ሁለት ሠራተኞች ናቸው፤ አንዷ ወተቷን ትሸጣለች፣ ሌላዋ ሥዕል ትሠራለች።

አጥቢ መቅጠር በጊዜው በባለገንዘብ ቤተሰቦች ዘንድ የተለመደ ስለነበር ቤርትን መውቀስ አይገባም። ግን ወተት ያላት ሴት የወለደች ሴት ናት። ከእነዚህ ሞግዚቶች ብዙዎቹ ከገጠር የሚመጡት የራሳቸውን ሕፃን ለዘመድ ወይም በርካሽ ለምታጠባ ሌላ ሴት ትተው ነበር። የአንዤልን ልጅ በተመለከተ ሥዕሉ ምንም አይነግረንም።